ካሜራህ ከድምፅ ቀድሞ እየበረረ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር የሰሜን ተራሮችን ሠርቼ ካሜራው በገደሉ ጠርዝ ከሳንቃ በር እስከ እሜት ጎጎ ሲበር ማሳየት ፈልጌ ነበር። ርዝመቱ 20 ሰከንድ ነው። የመሬቱን ከፍታ ከሳተላይት መረጃ አውርጄ አስገባሁ። ግን ተራራው መጫወቻ ይመስላል። ዳገቱ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ ነገር ይታያል፣ ሳሩ ደግሞ ያለ እረፍት ይርገበገባል። ላፕቶፔ ባለ 16 ጊጋ ራም ነው፣ መሀል ላይ ይዘጋብኛል። ሌላ ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ ኮምፒውተር ልቀይር?»

ሁለቱንም ተወው። ብሌንደር ነፃ ነው፣ ለዚህ ሥራም ከበቂ በላይ ነው። ችግርህ ብዙ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው፤ ልኩን ሳትወስን ነው ሥራውን የጀመርከው። መልክዓ ምድር ላይ የድንጋዩ ቀለም ትንሽ ቢዛባ ማንም ልብ አይልህም። ፍጥነትና መጠን ከተዛባ ግን ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም «ይሄ ነገር ውሸት ነው» ይላል።

እስቲ እናስላው። በገደሉ ጠርዝ ጠመዝማዛውን ይዘህ ስትሄድ መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ያንን በ20 ሰከንድ ከጨረስከው በሰከንድ 600 ሜትር ሄድክ ማለት ነው፤ በሰዓት 2,160 ኪሎ ሜትር። ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ነው። እና ካሜራህ ከድምፅ እጥፍ ሊፈጥን ትንሽ ነው የቀረው። በገደል አፋፍ ላይ እንዲህ ሲበር ያየ ሰው ስለሌለ የተመልካቹ አእምሮ ሒሳቡን በራሱ ያስተካክለዋል፤ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ትንሽ የሆነው ተራራው ነው ብሎ ይወስናል። መጫወቻ የመሰለው ለዚህ ነው።

በሰከንድ 40 ሜትር ውሰድ። በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሄሊኮፕተር ሳይጨነቅ የሚሄድበት ፍጥነት። በ20 ሰከንድ 800 ሜትር ትሄዳለህ። «እና መንገዱን በሙሉ መቼ ላሳይ?» ትለኝ ይሆናል። አታሳየውም! 20 ሰከንዱን አራት ቦታ ቁረጠውና አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከገደሉ ጫፍ ወደ ታች፣ አንዱን ሳሩ መሀል ዝቅ ብለህ፣ የመጨረሻውን ደግሞ እሜት ጎጎ ላይ ቆመህ አሳይ። ተመልካቹ መሀሉን ራሱ ይሞላዋል። ላፕቶፕህም ይተነፍሳል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁራጭ የሚፈልገው የራሱን መሬት ብቻ ነው።

ስለ ሌንስ ትንሽ ልጨምር። አዲስ ሰው ተራራ ሲያይ ሁሉም ነገር እንዲገባለት ብሎ 18 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ሰፊ ሌንስ ሩቅ ያለውን ያሳንሳል፣ ትልቁ ተራራ ከአድማስ ላይ ጉብታ ይሆንብሃል። ወደ 50፣ እንዲያውም ወደ 85 ውጣና ካሜራውን ወደ ኋላ አርቀው። ከኋላ ያሉት ሸንተረሮች ተደራርበው ይገዝፋሉ። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚባለውን፣ ከትኩረቱ ውጭ ያለውን የሚያደበዝዘውንም አጥፋው፤ ኪሎ ሜትሮች በሚርቅ ነገር ላይ ብዥታ ካለ ዓይን ወዲያው ትንሽ ሞዴል ነው ብሎ ይደመድማል። ኪይፍሬም ደግሞ፣ ማለትም ካሜራው በዚህ ሰዓት እዚህ ይሁን ብለህ የምታስርበትን ነጥብ፣ አታብዛ። ብሌንደር ሳትነግረው በእያንዳንዱ ኪይፍሬም ላይ ፍጥነቱን ቀነስ ጨመር ያደርጋል፣ አሥር ኪይፍሬም ካስቀመጥክ ካሜራው አሥር ጊዜ እየተደናቀፈ ነው የሚሄደው። አንድ ለስላሳ መስመር ሥራለት፣ ካሜራውን መስመሩን እንዲከተል በፎሎው ፓዝ አስረህ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ብቻ ኪይፍሬም አድርግ፣ በግራፍ ኤዲተር ውስጥ ኩርባውን ወደ ቀጥታ መስመር ቀይረው። በቃ።

አሁን ወደ መሬቱ። ሳተላይት አልከው እንጂ ብዙ ሰው የሚያወርደው የከፍታ መረጃ የተሰበሰበው በየካቲት 2000 በአውሮፓ አቆጣጠር ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀን ስትዞር በራዳር ነው፤ ኤስአርቲኤም ይባላል። ነጥቦቹ በ30 ሜትር ርቀት የተቀመጡ ናቸው። ራዳር ወደ ጎን እያየ ስለሚለካ ጥልቅ ገደል ውስጥ ያልታየ ቦታ ይኖራል፣ ሰሜን ተራሮች ደግሞ ገደል በገደል ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ወይም እንግዳ ሹል ነገር ካየህ አትደንግጥ። ኮፐርኒከስ የተባለውን የአውሮፓውያኑን ባለ 30 ሜትር መረጃ ሞክር፣ እሱም በነፃ ነው የሚገኘው፣ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው።

ላፕቶፑን የሚገድለው ምን እንደሆነ ልንገርህ። አንድ ሙሉ የኤስአርቲኤም ሰሌዳ፣ ያንተው ኤን13ኢ038 የሚባለው ነው፣ 3,601 በ3,601 ነጥብ አለው። ወደ 13 ሚሊዮን ነጥብ! አንተ የምትፈልገው 20 በ20 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ከ450 ሺህ ነጥብ አይበልጥም፣ እሱን ላፕቶፕህ በቀላሉ ይሸከመዋል። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር አውርድ፣ እሱም ነፃ ነው፣ መረጃውን ቁረጠውና በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ለውጠው። ይሄን ደረጃ አትዝለል። መረጃው ሲመጣ ስፋቱ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ነው፤ ካልለወጥከው ቁመቱን በግምት ነው የምትጎትተው፣ እና ሁሉም ሰው በግምት ሲጎትት ያስረዝመዋል። የሰሜን ገደል መጎተት አያስፈልገውም። አንድ ለአንድ ተወው።

ደረጃ ደረጃ የሆነብህ ምስሉን ባለ 8 ቢት አድርገህ ስላስቀመጥከው ነው። 8 ቢት 256 ዓይነት ግራጫ ብቻ ነው ያለው። መሬትህ ከ2,000 እስከ 4,500 ሜትር ከሆነ 2,500ውን ሜትር ለ255 እርከን ስታካፍለው እያንዳንዱ እርከን ወደ 10 ሜትር ይሆናል፤ ያየኸው ደረጃ ያ ነው። ባለ 16 ቢት ፒኤንጂ ወይም ባለ 32 ቢት ቲፍ አድርገህ አውጣው። ብሌንደር ውስጥ ስትከፍተው ደግሞ ከለር ስፔሱን «ነን ከለር» በለው፣ አለበለዚያ ፎቶ መስሎት ቁጥሩን ያጣምመዋል፣ መሀል ያለው ከፍታ ዝቅ ይላል፣ ቆላው ይደለደላል ጫፉ ይሾላል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ግጭ የሚባለው ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ቀጭን መስመር ልታይ ትችላለህ። የኤስአርቲኤም ቁጥር ራሱ በሙሉ ሜትር ነው የተጻፈው፤ ስሙዝ ሞዲፋየር የሚባለውን ማለስለሻ ጥቂት ስጠው፣ ይጠፋል።

ገደሉ ሌላ ጣጣ ነው። ከላይ የታየ የከፍታ ምስል ለአንድ ቦታ አንድ ቁመት ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀጥ ያለ ግድግዳ አያውቅም፣ ወደ ውጭ ያጎነበሰ ድንጋይማ ጭራሽ አይገባውም። 500 ሜትር የሚወርደው ገደል በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ መሀል ተወጥሮ ይቀራል፣ ከላይ የለበስከው ፎቶም እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። ለሩቁ ገደል ምስሉን በ«ቦክስ» ፕሮጀክሽን አልብሰው፣ ብሌንዱን 0.2 ወይም 0.3 አድርግ፤ ከጎን ስለሚለብስ አይለጠጥም። ቀለሙን ደግሞ በከፍታ ሸንሽነው፤ ሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተራ በተራ ከፈሰሰ የባዛልት ላቫ የተሠሩ ናቸው፣ ገደሉ ላይ አግድም የተነባበረ ንጣፍ የሚታየው ለዚያ ነው። የዜድን (የከፍታውን) ዋጋ ወስደህ በትንሽ ኖይዝ (የዘፈቀደ ንድፍ) አወላግደውና ቀለም ስጠው፣ ወዲያው ሰሜንን ይመስላል። ካሜራው አጠገብ ለሚያልፈው ገደል ግን አትሸወድ፣ ለብቻው ሞዴል አድርገው። ሁለት ሦስት ድንጋይ በደንብ ሠርተህ እያዞርክ መጠቀም ትችላለህ።

በነገራችን ላይ ድንጋይና አፈር ላይ 8ኬ ምስል እየጫንክ ከሆነ፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ ትንሽ ቢመስልም ሜሞሪ ላይ ሲከፈት አንዱ 256 ሜጋባይት ነው። አሥር ካደረግክ 2.5 ጊጋ ሄደ። ለሩቁ 2ኬ ይበቃል።

አሁን ሳሩ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። የሚርገበገበው በነፋስ አይደለም። ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ምናልባት ሦስቱም አሉብህ።

አንደኛው የመጠን ነገር ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 1,920 ፒክስል ስፋት፣ ሳሩ ደግሞ 200 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ አንድ ፒክስል 7.5 ሴንቲ ሜትር መሬት ይይዛል። የሳር ቅጠል ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ አምስት ቅጠል በአንድ ፒክስል ውስጥ ይጋፋል፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ሌላው ያሸንፋል፣ እና ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ ቅጠል በቅጠል የተሠራ ሳር እስከ 50 ሜትር ብቻ ይኑር። ከዚያ እስከ 300 ሜትር ጉብ ጉብ ያለ ወፍራም ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ወዲያ ቀለም ብቻ። ማንም አያውቅብህም።

ሁለተኛው አበታተኑ ነው። ሳሩን የሚዘራው «ዲስትሪቢዩት ፖይንትስ ኦን ፌስስ» የሚባለው መሣሪያ ነጥቦቹን የሚዘራው በሚሰጠው ሜሽ (የመሬቱ ቅርጽ የተሠራበት መረብ) ላይ ተመሥርቶ ነው። ሜሹ በየፍሬሙ ቅርጹን ከቀየረ ዘሩም በየፍሬሙ ይቀየራል፣ ሳሩ ይዘላል። አዳፕቲቭ ሰብዲቪዥን (ለካሜራ የቀረበውን መሬት ይበልጥ የሚሰባብረውን) ካበራህ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ መሬቱ የሚሰባበረው ሬንደር ላይ፣ የመጨረሻው ምስል ሲወጣ፣ ብቻ ስለሆነ ሳሩ የተተከለው ባልተሰባበረው ሜሽ ላይ ነው፣ ግማሹ ይቀበራል ግማሹ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ለቅርቡ መሬት ዲስፕሌስመንቱን፣ ማለትም መሬቱን በከፍታው ልክ ማንሳቱን፣ በሞዲፋየር ሥራው፣ በማቴሪያል አይደለም። አዳፕቲቩን ለሩቁ ተራራ ከተጠቀምክ ደግሞ ሬንደር ሴቲንግ ውስጥ «ዳይሲንግ ካሜራ» የሚል ቦታ አለ፤ የማይንቀሳቀስ ሌላ ካሜራ አስቀምጥና እሱን ምረጥለት። ካልሆነ ካሜራህ በተጠጋ ቁጥር መሬቱ እንደ አዲስ ስለሚሰባበር ድንጋዩ ሲሳብ ታየዋለህ።

ሦስተኛው የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጠፋው ዲኖይዘሩ ነው። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚያጸዳው፣ ያለፈውን አያስታውስም፤ ሳር ላይ በየፍሬሙ የተለየ ግምት ይገምታል። ሳምፕሉን (በአንድ ፒክስል ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ከ32 ወደ 200 አካባቢ አውጣው፣ ዲኖይዘሩ አልቤዶና ኖርማል (የነገሩን ቀለምና የገጹን አቅጣጫ) እንዲያይ ፍቀድለት። ሲድ ከሚለው ቁጥር አጠገብ ያለችውን የሰዓት ምልክትም ተጫናት፣ አለበለዚያ የቀረው ነጠብጣብ በሁሉም ፍሬም አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ካሜራው የቆሸሸ መስተዋት ጀርባ ያለ ይመስላል።

ይሄ ሲስተካከል ነፋሱን ማምጣት ትችላለህ። ነፋስ ማለት እያንዳንዱ ሳር የራሱን ጭፈራ መጨፈሩ አይደለም። በሜዳው ላይ የሚሄድ ማዕበል ነው። በጂኦሜትሪ ኖድስ የነጥቡን ፖዚሽን ውሰድ፣ ከሱ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ በጊዜ አባዝተህ ቀንስ፤ ጊዜውን «ሲን ታይም» በሰከንድ ይሰጥሃል። ውጤቱን ኖይዝ ቴክስቸር ውስጥ ክተተው። የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ በ25 ፍሬም ሲካፈል በፍሬም 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የኖይዙን ስኬል ማዕበሉ አሥር ሜትር ገደማ እስኪሆን አሳንሰው፣ ከዚያ ወደ ማዘንበያ ማዕዘን ቀይረው፣ ከ3 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃል። ዜሮ ላይ አትጀምር፣ ነፋስ ባለበት ሳር ሁልጊዜም ትንሽ ያዘነብላል። እና ዋናዋን እንዳትረሳ፦ «ሮቴት ኢንስታንስስ» ላይ «ሎካል ስፔስ» የሚለውን አጥፋ። ሳሩን ስትዘራ በየአቅጣጫው አዙረኸዋል፣ ሎካል ከሆነ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ይወድቃል።

ሳሩ ራሱም ሰሜንን ይምሰል። እዚያ የሚበቅለው ጓሳ ነው፣ በችምችም ቁጥቋጦ የሚወጣ፣ መሀል መሀሉ ላይ አፈርና ድንጋይ የሚታይበት። እኩል አድርገህ ከዘራኸው ስታዲየም ይሆንብሃል። ጅብራም አትርሳ። አንድ ሞዴል ሠርተህ ሁለት ሺህ ጊዜ አትድገመው፣ ሦስት ሥራ፦ ቅጠሉን ብቻ የያዘ፣ ያንን ረጅሙን አበባ ያወጣ፣ አብቦ የደረቀ። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ አበባ ያለው ጥቂት፣ የደረቀውም ጥቂት ይሁን። ነፋሱ ሲነፍስ ግንዱን አታወዛውዘው፤ ከተወዛወዘ ወዲያው ትንሽ ይሆናል። አበባው ጫፍ ላይ ትንሽ ቢነቃነቅ በቂ ነው። ለተመልካቹ የመጠን መለኪያ የሚሆነውም እሱ ነው።

አሁን አንድ ውሳኔ ይጠብቅሃል፤ ፊልምህ በትክክለኛው ሰዓት የሚሄድ ነው ወይስ የተፋጠነ? በ20 ሰከንድ ውስጥ ፀሐይ የምትንቀሳቀሰው ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ በታች ነው። ማለትም ሳሩ በእውነተኛ ፍጥነት እየተወዛወዘ ጥላው ሜዳውን የሚያቋርጥ ከሆነ ሁለት ሰዓት ባንድ ላይ እየሄደ ነው፣ ብዙ የተራራ አኒሜሽን የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ወይ ፀሐይዋን አቁማት፣ ወይ ሁለት ሰዓት በ20 ሰከንድ ውስጥ አስገባና ሳሩን ተወው፣ ካሜራውንም አቁመው። ሁለት ሰዓት 30 ዲግሪ ነው፣ በ500 ፍሬም ሲካፈል በፍሬም 0.06 ዲግሪ።

ለብርሃኑ «ሰን ፖዚሽን» የሚባለውን አዶን (ተጨማሪ መሣሪያ) ከብሌንደር ኤክስቴንሽኖች አውርደህ አብራ። ቦታውን 13.2 ሰሜን፣ 38.2 ምሥራቅ፣ የሰዓት ልዩነቱን 3 አድርግ። ቀኑ በፈረንጆቹ ነው፣ ሰዓቱም እንደዚያው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምትለው እዚያ ላይ 7 ነው። 1 ብለህ አስገብተህ ለምን ጨለመብኝ እንዳትል። ፀሐይ 15 ዲግሪ ላይ ስትሆን የ1,000 ሜትር ገደል ጥላ 3.7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ተራራ የሚያምረው ያኔ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ያ ብርሃን ቶሎ ያልፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ስካይ ቴክስቸሩ ላይ «አልቲቲዩድ» የሚል ታገኛለህ፣ 3,500 ሜትር ስጠው፤ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደጋው ላይ እንደሚታየው።

ርቀቱን የሚያሳየው ጭጋጉ ነው። ለዚህ ቮልዩም (አየሩን የሚሞላ እውነተኛ ጭጋግ) አታስገባ፣ ላፕቶፕህን ይጨርሰዋል። «ሚስት ፓስ» የሚባለውን ርቀትን የሚያሳይ ምስል አብራና ኮምፖዚተር (ምስሎች የሚቀላቀሉበት ቦታ) ውስጥ በአድማሱ ቀለም ቀላቅለው። ሩቅ ያለው ሸንተረር ወደ ሰማያዊ ይሂድ፣ ጥቁር ጥላው ይደብዝዝ። የደመና ጥላም በርካሽ ይሠራል፤ ከመሬቱ በላይ ሰፊ ፕሌን ዘርጋ፣ ኖይዝ ስጠው፣ ግማሹን ግልጽ ግማሹን ድፍን አድርገው፣ ለካሜራ እንዳይታይ ከሬይ ቪዚቢሊቲ አጥፋው፣ ከዚያ በቀስታ ግፋው። በመሬቱ ላይ የሚሄድ ጥላ ከማንኛውም ውድ ኢፌክት በላይ ሕይወት ይሰጣል። ከሥር ከቆላው የሚወጣውን ጉም የግድ ከፈለግህ እሱን ብቻ በቮልዩም ሥራው፣ በሌላ ሌየር፣ በግማሽ ሬዞሉሽን፤ ለስላሳ ስለሆነ አያስታውቅም። ቅርጹን የሚቀይረውን የኖይዝ ደብሊዩ በጣም አዝግመው፣ ካልሆነ ይፈላል።

ከገደሉ ፏፏቴ የምታወርድ ከሆነ ደግሞ፣ 500 ሜትር የሚወርድ ውሃ አየሩ ባያግደው እንኳ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሁለት ሰከንድ ካወረድከው ቧንቧ ነው።

ወደ ሬንደሩ እንምጣ። 20 ሰከንድ በ25 ፍሬም 500 ምስል ነው። አንዱ 4 ደቂቃ ከፈጀ ከ33 ሰዓት በላይ ነው፣ እና በ33 ሰዓት ውስጥ መብራት አይጠፋም ብሎ የሚወራረድ የለም። ቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጣ፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በምስል በምስል አውጣው፣ «ኦቨርራይት» የሚለውን አጥፋ፣ «ፕሌስሆልደርስ»ን ግን አታብራ፤ መብራቱ ሲጠፋ ያልተጠናቀቀው ፍሬም ባዶ ፋይል ሆኖ ይቀመጥና ስትመለስ ይዘለዋል። እንደዚህ ከሆነ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ በሆነበት ቁራጭ ላይ «ፐርሲስተንት ዴታ» አብራ፣ መሬቱን በየፍሬሙ እንደ አዲስ ከመጫን ያድንሃል፤ ሜሞሪ ስለሚበላ ግን ሳሩ ባለበት ቁራጭ ላይ መጀመሪያ ሞክረህ እይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሬዞሉሽኑን 25 በመቶ፣ ሳምፕሉን 16 አድርገህ አራቱንም ቁራጭ አንድ ጊዜ አውጣ። ሳሩን ደብቀው፣ ጭጋጉንም አጥፋው። የካሜራው ፍጥነት እዚያ ላይ ካላሳመነህ ወደ ሳሩ አትሂድ፣ ተመልሰህ መስመሩን አስተካክል።